ሕመሙን ስለማያውቅ ሕመምተኛ

ሰው በሚታመምበት ጊዜ ሕመሙን አስቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ሕመምተኛው መሆኑ የታወቀ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ጥርሴን ይላል፤ ወባ የያዘውም ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ይተኛል። ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ ይሰማል፥ ጎረቤት ይጠይቃል፥ ሐኪምም ይፈለጋል። እንዲህ እንደ ሆነ የሕክምና ሥራ ሁሉ የሚጀመረው ከሕመምተኛው ቃል ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የማይሠራበት አንድ ሕመም አለ፤ እርሱም ሌላው ሰው ሁሉ አውቆት ሕመምተኛው ብቻ የማያውቀው ሕመም ነው። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ስለዚሁ፥ ማለት በእርጅና ዘመን አእምሮን ስለሚያደክመው ስለ መርሳት በሽታ ነው።

በቋንቋችን ይህን ነገር «ጃጀ» ብለን እንጠራዋለን። አንድ ሽማግሌ ጃጅተዋል በተባለ ጊዜ ነገሩ ያለቀ፥ ምክንያትም ሆነ ርዳታ የማይፈለግለት፥ የእርጅና ደንብ ብቻ የሆነ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሽማግሌ አይጃጅም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የድንበር ነገር የሚዳኙ፥ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ፥ የዘር ሐረግ ሳያዛንፉ የሚቈጥሩ አባቶች በየአጥቢያው አሉ። መርሳት በሽታ እንጂ የእርጅና ሕግ አለመሆኑን የሚያስረዳው አንዱ ነገር ይህ ነው። ሁለተኛውም ማስረጃ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የተገለጸው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ገና በ51 ዓመት ዕድሜዋ ሆስፒታል የገባችውን አንዲት ሴት ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማጕያ መነጽር መርምሮ የበሽታውን ምልክት አገኘ፤ ለባልደረቦቹም አስታወቀ። ከ4 ዓመትም በኋላ በሽታው በስሙ ተጠራ። ዛሬ ከመርሳት በሽታ ሁሉ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ይኸው አልዛይመር የሚባለው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአንጎል የደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመፍሰሱ ምክንያት የሚደርሰው ነው፤ የዚህም ዋና አባቱ ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2021 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ስለዚህ የበለጸጉት አገሮች በሽታ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. ግድም 50 ዓመት ገደማ የነበረው የሰው አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን ሽማግሌ በበዛ ቍጥር የሽማግሌ በሽታ አብሮ ይበዛልና አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ያሉትን ምኞት ለመፈጸም ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን በሽታ ከሌላው በሽታ ሁሉ የሚለየው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው መታመሙን አለማወቁ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ዦዜፍ ባቢንስኪ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ግማሽ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ ሳለ ምንም አልሆንም የሚሉ ሕመምተኞችን አይቶ ለዚህ አለማወቅ ከግሪክ ቃል የወጣ ስም ሰጠው፤ ትርጓሜውም በሽታን አለማወቅ ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን ስም ዛሬ ለመርሳት በሽታም ይጠቀሙበታል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት አንድን መሥሪያ ቤት እናስብ። በመሥሪያ ቤቱ የጠፋውን ዕቃ ለአለቃ የሚያስታውቀው መዝገብ ቤቱ ነው። እሳት ተነሥቶ መዝገብ ቤቱ ራሱ ቢቃጠልስ ጥፋቱን ማን ያስታውቃል? አለቃው ምንም ወሬ ስላልደረሰው ሁሉ በደኅና ያለ ይመስለዋል። የታመመውም አንጎል እንዲሁ ነው፤ ጕድለቱን መዝግቦ ሊናገር የሚገባው ክፍል ራሱ ስለ ተጐዳ ጕድለቱ አይታወቀውም።

ከዚህ የተነሣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን በዚህ ሕመምተኛ ላይ አይጠቀስም። እርሱ አልደበቀም፤ አላወቀም እንጂ። የሚደብቅ ሰው እያወቀ ይዋሻል፤ ይህ ግን ደኅና ነኝ ሲል የሚናገረው የሚያምነውን ነው። እርግጥ ነው፥ በበሽታው መጀመሪያ ላይ መርሳቱ ታውቆት እያፈረ የሚሸሽግ ሰው አለ፤ ጧት አውቆ ማታ የሚክድም አለ፤ ስም እንደሚጠፋበት እያመነ ገንዘብ መቍጠር እንዳቃተው የማያምንም አለ። ቢሆንም ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ሽማግሌው አልታመምሁም ያሉት ከግትርነት ወይም ከክፋት ሳይሆን ከዚያው ከበሽታው የተነሣ ነው። ይህን ያላወቀ ቤተ ሰብ ቀኑን ሁሉ ሲከራከር ይውላል፤ ክርክሩንም ከቶ አያሸንፍም፤ ቢያሸንፍ እንኳ በማግስቱ ተረስቶ እንደገና ይጀመራል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕመሙን የማያውቀውን ሰው ስለ ሕመሙ ለማሳመን መድከም ትተን፥ ሳያምን የሚደገፍበትን መንገድ በቤትም፥ በቤተ ክርስቲያንም፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ማበጀት ይገባናል።

ነገሩን በአገራችን መልክ ለማየት ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ዱርቤቴንና በዙሪያዋ ያለውን ባላገር እንመልከት። በዚያ አገር በቆሎና ዳጉሳ ይመረታል፤ ሽማግሌ የቤቱ ራስ ነው፤ የጎተራውን ልክ፥ የበሬውን ዋጋ፥ የማሳውን ድንበር የሚያውቀው እርሱ ነው። እንደዚህ ያለ አባት አእምሮው መድከም ሲጀምር የሚታየው ነገር በሌላውም የጎጃም አገር፥ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ ያው ነው። ገንዘቡን በአንድ ሥፍራ ያኖርና ያኖረበትን ይረሳል፤ መርሳቱን ግን ስለማያውቅ ከቤት ውስጥ የሰረቀኝ ሰው አለ ይላል። ሌባ የምትባለውም ብዙ ጊዜ ቀንና ሌሊት የምታገለግለው ምራቱ ወይም ልጁ ናት። በገበያ ቀን የሸጠውን በሬ አልሸጥሁም ብሎ ከገዢው ጋር ይጣላል። ከሃያ ዓመት በፊት የሞተችውን ሚስቱን የት ሄደች ይላል። እናትም እንደ ሆነች ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምርበታለች፤ እሳቱን ሳታዳፍን ትሄዳለች፤ ማታ ማታ በገዛ ቤትዋ ተቀምጣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ እያለች ታለቅሳለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቀድሞው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ መቈየቱ ሰውን ያሳስታል። ከዋሸራ እስከ ዲማ የቅኔና የመጻሕፍት ቤት በሆነው በጎጃም ምድር አንድ አረጋዊ መምህር ዳዊቱን በቃላቸው ሳይሳሳቱ ይደግሙ ይሆናል፤ ዜማውም አይጠፋባቸውም፤ ነገር ግን ቁርስ መብላታቸውን አያውቁም፤ የጠየቁትንም ጥያቄ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ይጠይቃሉ። ሰውም ይህን አይቶ ዳዊት የሚደግም አእምሮ እንዴት ታሟል ይባላል ይላል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በልጅነት ብዙ ጊዜ ተደግሞ ሥር የሰደደው ትምህርትና የዛሬ ጧት ወሬ በአንጎል ውስጥ የሚጠበቁበት መንገድ የተለያየ ነው፤ በሽታውም አስቀድሞ የሚያጠፋው አዲሱን ነው። ስለዚህ የድሮውን ማስታወስ የጤንነት ምስክር አይሆንም።

ይህን የማያውቅ ሰው ምክንያቱን በሌላ ያሳብባል፤ አንዱ ቡዳ ነው ይላል፥ ሌላው መተት ነው ይላል፥ ሦስተኛውም ለውርስ ብለው አዞሩበት ብሎ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። አንዳንዱም ሽማግሌውን እንዳይጠፉ ብሎ በገመድ ያስራል። ስለ ጸበል የሆነ እንደ ሆነ፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ለሚጠመቁት የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ በሽታ የሠራው ምክር በዚህም ይሠራል። ሽማግሌን ማሰር ግን በጸበልም ሥፍራ ሆነ በቤት ውስጥ ነውር ነው፤ ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ አእምሮን አይመልስም።

እንግዲህ በቤት ውስጥ እንዴት ማድረግ ይገባል ቢባል፥ ካህናት ደኅና አድርገው የሚያውቁት አንድ ምሳሌ በኦሪት አለ። ኖኅ ከወይን ጠጅ የተነሣ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ፥ አንደኛው ልጁ አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው ወደ ኋላ እየሄዱ፥ ፊታቸውንም መልሰው፥ የአባታቸውን ዕርቃን ሸፈኑ። አባታቸው ራቁቱን መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እነርሱም ቀስቅሰው ራቁትህን ነህ ብለው አልተከራከሩትም። የሚያስፈልገውን አደረጉለት እንጂ። መጽሐፈ ሲራክም በ3ኛው ምዕራፍ አባት በሸመገለ ጊዜ አእምሮው ቢጐድል እንኳ ልጁ እንዲታገሠውና እንዳያቃልለው ያዝዛል። ሐኪሞች ብዙ መርምረው የደረሱበትም ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሽማግሌው ገንዘቤን ሰረቁኝ ባሉ ጊዜ «ማንም አልሰረቀዎትም፥ እርስዎ ረስተው ነው» ማለት ቍጣን ያመጣል፤ «አባዬ፥ ነገሩ ያስጨንቃል፤ ይምጡ አብረን እንፈልግ» ማለት ግን ጭንቀቱን ያበርዳል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ይገኛል። የሞተችውን ሚስታቸውን በጠየቁ ቍጥር ሞታለች ብሎ መንገር በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። ይልቁንም ስለ እርስዋ ማጫወት፥ ደግነትዋን ማንሣት፥ የሠርጉን ቀን መጠየቅ ይሻላል። ሰው ባለበት ስማቸውን ወይም የልጆቻቸውን ቍጥር እየጠየቁ መፈተን፥ ሲሳሳቱም መሳቅ፥ ክብርን መግፈፍ ነው። ሥራም ጨርሶ መከልከል አይገባም፤ ማረስ ባይችሉ በቆሎ ይፈልፍላሉ፥ ማስላት ባይችሉ እንግዳ ይመርቃሉ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት መብላት፥ አንድ ዓይነት መንገድ መሄድ፥ አንድ ዓይነት ሥፍራ መቀመጥ አእምሮን ያሳርፋል። መጥረቢያውንና ማጭዱን፥ የተባይ መድኃኒቱንም፥ ነገር ሳያበዙ ከዓይን ማራቅ ነው። ከቤት ወጥተው ለሚጠፉትም ጎረቤትን፥ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ፥ የገበያውን ጥበቃ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል፤ ይልቁንም በግጭት ምክንያት ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ጊዜ፥ ቁም ሲሉት የማይቆምና ስምህ ማነው ሲሉት የማይመልስ ሽማግሌ በሌሊት መንገድ ላይ ቢገኝ የሚደርስበትን አደጋ ማንም ሊያስበው ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሰውን ሳያውቅ ወደ ሐኪም መውሰድና የሞተውን እንደ ሕያው እያነሡ መጫወት ሐሰት አይሆንምን? ጥያቄው ከካህን ቢመጣ አያስደንቅም፤ መልስም ይገባዋል። ሐሰት ማለት ለራስ ጥቅም ወይም ለባልንጀራ ጕዳት ሲባል ያልሆነውን ሆነ ብሎ መናገር ነው። ሽማግሌውን «አእምሮዎ ታሟልና እንሂድ» ከማለት ይልቅ «የደም ግፊትዎና ዓይንዎ ይታይ» ብሎ መውሰድ ግን እውነት ነው፤ የደም ግፊቱም ዓይኑም በእውነት መታየት አለበትና። እውነቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ አለመናገር ሐሰት አይደለም። ስለ ሞተው ሰው መልካም ነገር ማጫወትም ሞቱን መካድ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌው ረጋ ብለው «ምን ሆኛለሁ? እውነቱን ንገረኝ» ብለው ቢጠይቁ፥ ይህ መብታቸው ነውና በለሰለሰ ቃል ሊነገራቸው ይገባል። ወሰኑ እንግዲህ ይህ ነው፤ የምንሸፍነው ለእርሳቸው ክብር ከሆነ የሴምና የያፌት ሥራ ነው፤ ለእኛ ጥቅም ከሆነ ግን የሌባ ሥራ ነው።

የሌባ ሥራ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕመሙን የማያውቅ ሰው ፊርማውንም አይሰስትም። የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር በእጁ ያለ ሽማግሌ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ መሬቱን ለብዙ ዓመት ሊያከራይ ወይም በስጦታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በማግስቱ ግን ነገሩን አያውቀውም። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ልጁን በልጁ ለውጦ መመረቁን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓይን ሲፈዝ እንዲህ ከሆነ አእምሮ ሲፈዝ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በዚህ አንጻር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ጤናማውን ሽማግሌ ጃጅቷል ብለው ንብረቱን ለመውሰድ የሚፈልጉ ዘመዶችም አይጠፉም። ስለዚህ ነገሩ ለቤተ ሰብ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ምስክርና ዳኛ ያስፈልገዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር አስቀድሞ አስቧል። በ339ኛው አንቀጽ በአእምሮ በሽታ ወይም በእርጅና ምክንያት የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት የማይችለውን ሰው ሕጉ ይጠብቀዋል። በ342ኛውም አንቀጽ ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ባለበት የገጠር ቀበሌ፥ ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር የሚከለክሉት ሰው ሁኔታው በግልጽ እንደ ታወቀ ይቈጠራል። እንደዚህ ያለው ሰው የፈጸመው ውል በራሱ፥ በእንደራሴው ወይም በወራሹ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል። ከ351ኛው አንቀጽ ጀምሮም የሰውየው ጤንነትና ጥቅም የሚያስገድድ ሲሆን ፍርድ ቤት በፍርድ ከልክሎት ሞግዚት እንዲሾምለት ተደንግጓል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ የጐደለው የሚያስታውሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ለሹማምንቶቻችን የምናሳስበው ከባድ ነገር አይደለም። የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ አንድ ሽማግሌ ውል ሊያስመዘግቡ በመጡ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ከተከተሏቸው ሰዎች ለይቶ ያነጋግራቸው፤ የትኛውን ማሳ፥ ለማን፥ ለስንት ዓመት፥ በምን ያህል እንደሚሰጡ በራሳቸው ቃል ይንገሩት። ሊናገሩ ካልቻሉ ወይም ከሰዓት በኋላ ሲጠየቁ ሌላ ነገር ከተናገሩ ውሉን አይመዝግብ፤ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ዳኛ ይምራቸው። የሚጠፋው ግማሽ ቀን ነው፤ የሚድነው ግን የአንድ ቤተ ሰብ ርስትና ምናልባትም የሰው ነፍስ ነው፤ በመሬት የተነሣ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ባላገር ያውቃልና።

ለካህናትም እንዲሁ። በአገራችን የነፍስ አባት በልጆቹ ቤት በየጊዜው ገብቶ የሚወጣ፥ ሁሉ የሚያምነው፥ ምስጢርም የሚነገረው ሰው ነው። ሐኪም በማይደርስበት ቤት እርሱ ይደርሳል። ሽማግሌው ትናንት የተናዘዙትን ዛሬ እንደ አዲስ ሲናዘዙ፥ የጾሙን ቀን ሲስቱ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ሲጠፋባቸው፥ አስቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው የነፍስ አባት ነው። ያን ጊዜ ልጆቹን ለብቻ ጠርቶ «አባታችሁ አመል አላወጡም፤ ታመዋል» ቢላቸው ከብዙ ጠብ ያድናቸዋል። ሌባ ለተባለችው ምራትም ቢመሰክርላት ስምዋን ያነሣላታል። የኑዛዜ ምስክር ሆኖ በተጠራም ጊዜ፥ ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ማዘዙን አስታውሶ፥ ተናዛዡ የተነበበውን ማስተዋላቸውን ሳያረጋግጥ ስሙን አያኑር። ምስክርነት ማለት መስማት ብቻ ሳይሆን ማወቅ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አእምሮ ሳለ ነገርን ማሰናዳት ነው። አጤ ምኒልክ ጤናቸው እየደከመ በሄደ ጊዜ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው አስታወቁ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ ጸንቶ ንግግራቸውን በወሰደው ጊዜ ቃላቸው ተነግሮ አልቆ ነበር፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ራሳቸው ሊመክሩ ባልቻሉበት ዘመን ሁሉ ያ ቃል ቆየ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም በአንጎል ላይ የደረሰ ድንገተኛ ምት እንጂ እንደ አልዛይመር ቀስ እያለ የሚመጣ መርሳት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ማንኛውም ሽማግሌ አእምሮው ሳይደክም መሬቱን፥ ዕዳውንና ገንዘቡን፥ በታመመም ጊዜ ማን እንዲጠብቀው እንደሚወድ በምስክር ፊት ቢናገር በኋላ ለማንም የማይመች ክርክር ይቀራል።

ስለ ሕክምናው ጥቂት መናገር ይገባል። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሁን እንጂ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፥ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፥ ቂጥኝ፥ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት፥ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፥ መጠጥ፥ እንዲሁም የአንዳንድ መድኃኒት ጠባይ መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህም በጊዜው ከተደረሰባቸው ብዙ ጊዜ ይታከማሉ። በድንገት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አእምሮው የተለወጠ ሽማግሌም ምናልባት የሳንባ ምች ወይም የሽንት መንገድ ሕመም ይዞት ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ስለዚህ ጃጅተዋል ብሎ ከመተው አስቀድሞ አንድ ጊዜ ማስመርመር ግዴታ ነው፤ ጤና ጣቢያው ያልቻለውን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። በ2024 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታወቁ ሊቃውንት እንደ ገለጹትም 14 ምክንያቶች ከልጅነት ጀምሮ ቢጠበቁ ከመርሳት በሽታ ከመቶው 45 ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከነዚህም ውስጥ የትምህርት ማነስ፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የጆሮ መድከም፥ ያልታከመ የዓይን ሕመም፥ ትምባሆ፥ መጠጥ ማብዛት፥ ብቸኝነትና የተበከለ አየር ይገኙባቸዋል። የዓይን ሞራ ማስገፈፍና የደም ግፊት መለካት አእምሮን መጠበቅ ነው ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እስከ ቤት ድረስ ስለሚገባ፥ ሠራተኞቹ እናቶችንና ሕፃናትን እንደሚጠይቁ ሁሉ በዚያው ቤት ስላለው ሽማግሌም ሁለት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ ቢታዘዝ በጣም የሚጠቅም ይሆናል። ጥያቄውንም ለሽማግሌው ብቻ ሳይሆን አብሯቸው ለሚኖረው ሰው ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው ደኅና ነኝ እንደሚል አስቀድመን ተናግረናልና።

በመጨረሻም ስለ አስታማሚው እናስብ። ይህ በሽታ ብዙ ዓመት የሚቈይ ነው፤ ሸክሙም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ትሰደባለች፥ ሌባ ትባላለች፥ ሌሊት አትተኛም፤ የምታገለግላቸውም ሰው ደኅና ነኝ ስለሚሉ አገልግሎትዋን የሚያመሰግናት የለም። በየአገሩ ዕድር አለን፤ ሰንበቴና ማኅበርም አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ሥራውን ትቶ፥ ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ ሦስት ቀን የሚቀመጠው ሕዝብ፥ ሰው በሕይወት ሳለ በሳምንት ግማሽ ቀን ተራ ገብቶ አንዱን ሽማግሌ ቢያጫውትና አስታማሚይቱን ቢያሳርፍ ምን ይከብደዋል? ለሬሳ የምንሰጠው ክብር መልካም ነው፤ ከዚያ ጥቂቱን ቀንሰን አእምሮው ቀድሞት ለሄደው ሕያው ሰው ብንሰጥ ግን የበለጠ መልካም ይሆናል።

እነዚህ ሽማግሎች ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ አገር ጠብቀዋል፤ ሲያርሱና ሲያስተምሩ ኖረው ደክመዋል። ዛሬ የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሊጠይቁን አይችሉም፤ የሚያስፈልጋቸው ነገር መኖሩን አያውቁምና። ሳይጠይቁ መስጠት፥ ሳያፍሩ መሸፈን፥ ሳይዘረፉም መጠበቅ የእኛ የልጆቻቸው ፈንታ ነው። የቀበሌ ሹም በመዝገቡ ላይ፥ ካህን በመስቀሉ፥ ልጅም በትዕግሥቱ ይህን ቢፈጽም፥ አባት ውለታውን ባያውቀው እንኳ ውለታ መሆኑ አይቀርም።